የቴሌቪዥን ጨዋታ መኪናና ሥዕሉን የሚያበላሹ መስመሮች

በቆሎው ሲበላ ያደረበት ገበሬ ጠዋት ማሳው ውስጥ ገብቶ አስቀድሞ የሚያየው የአበላሉን ዓይነት ነው። ጃርት ከሆነ አገዳውን ከሥሩ ቆርጦ ይጥላል። ዝንጀሮ ከሆነ እሸቱን ገንጥሎ፣ ልጦ፣ ግማሹን በልቶ ግማሹን ጥሎ ይሄዳል። ከርከሮ ከሆነ ደግሞ ይረግጣል፤ መሬቱንም በአፍንጫው ይቆፍራል። ዝንጀሮ የሚጠበቀው ቀን ነው፤ ጃርትና ከርከሮ ሌሊት። ጥፋቱን በደንብ ያላየ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ አድሮ፣ ቀን ተኝቶ በዝንጀሮ ይዘረፋል።

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከማሳ የራቀ ይመስላል። ስለ አሮጌ የቴሌቪዥን ጨዋታ መኪና ነው። መኪናው ወደ ቴሌቪዥን በሚልከው ሥዕል ላይ መስመር፣ ጥላ፣ ነጠብጣብ እየገባ ያበላሽበታል። ይህን የሚጠግን ሰውም እንደ ገበሬው ነው። መፍቻ ከማንሳቱ በፊት የመስመሩን መልክ ልብ ብሎ ቢያይ፣ ጥፋቱ በየት በኩል እንደገባ ብዙውን ጊዜ ሊያውቅ ይችላል።

ለመሆኑ የጨዋታ መኪና ምንድን ነው? በቴሌቪዥን ላይ የሚቀጠል ትንሽ ሣጥን ነው። ልጁ ቁልፍ ያለበትን መያዣ በእጁ ይዞ ሲጫን፣ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ያለው ምስል ይሮጣል፤ ይዘላል፤ ይዋጋል። ከእነዚህ መኪናዎች መካከል እጅግ ስመ ጥር የሆነው በጃፓን አገር፣ በኪዮቶ ከተማ ያለው የኒንቴንዶ ኩባንያ የሠራው ፋሚኮም የተባለው ነው። ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 1983፣ በእኛ ሐምሌ 8 ቀን 1975 ዓ.ም. ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1985 ደግሞ ሣጥኑና ስሙ ተለውጦ በአሜሪካ ተሸጠ። ሁለቱ ተደምረው ከ61 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል። ኩባንያው ፋሚኮምን መሥራት ያቆመው በ2003 ነው።

ታዲያ መኪናው ከቆመ ይህን ያህል ዓመት ከሆነው ዛሬ ማን ይፈልገዋል? በልጅነታቸው የተጫወቱበት ሰዎች ይፈልጉታል። አባት የተጫወተበትን ለልጁ ማሳየት ይወዳል። ችግሩ የድሮው መኪና ከዛሬው ቴሌቪዥን ጋር አለመግባባቱ ነው። የሚያግባባቸው ሰው መኪናውን ከፍቶ ሽቦ ይቀጥልበታል። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋሚኮም ሲሠራ የታሰበው ለጃፓን ቴሌቪዥን ነበር። ሥዕሉንና ድምፁን አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ራሱን እንደ አንድ ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ አድርጎ፣ በአንቴና ገመድ በኩል ይልካል። ከኋላው ባለች ማዞሪያ የጃፓንን 1ኛ ወይም 2ኛ የቴሌቪዥን መስመር መምረጥ ይቻላል። የ1ኛው ሥዕል 91 ሜጋኸርዝ፣ የ2ኛው 97 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ሬዲዮ ለሚያዳምጥ ሰው እነዚህ ቁጥሮች እንግዳ አይደሉም። በእኛም አገር በብዙ አገርም ከ88 እስከ 108 ያለው ስፍራ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 የ2ኛው መስመር የቅርብ ጎረቤት ነው ማለት ነው! መኪናው አዲስ አበባ ላይ እንደነበረ ቢከፈት፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲያወሩ አንዱን ብቻ ለመስማት እንደ መሞከር ነው። ጃፓንም ራሷ ይህን የድሮ የቴሌቪዥን አላላክ ከሦስት አውራጃዎች በቀር በ2011 ትታዋለች።

ስለዚህ ጠጋኙ የአንቴናውን መንገድ ይተውና ሥዕሉን ከምንጩ ይቀዳል። በመኪናው ሆድ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ 40 እግር ያለው ሥዕል ሠሪ ቺፕ አለ። ከ40ዎቹ እግሮች ሥዕሉ የሚወጣው በ21ኛው ነው። ከዚያ ላይ ሽቦ ይበየድና፣ ሥዕሉን በምታበረታ አንዲት ትራንዚስተር አልፎ፣ በቢጫ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ይገባል። በደንብ ከተሠራ ሥዕሉ ጥርት ይላል። በደንብ ካልተሠራ ግን ድሮ በአንቴና ጭጋግ ተሸፍኖ የነበረው ጉድ ሁሉ ይወጣል።

አሁን ወደ መስመሮቹ እንምጣ። መስመሮቹን ለማንበብ አስቀድሞ ቴሌቪዥን ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥን ሥዕሉን በአንድ ጊዜ አያትመውም። እኛ መጽሐፍ እንደምናነበው፣ ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ይስላል፤ ተመልሶ ከሥሩ ሌላ መስመር ይስላል። ማሳን ትልም በትልም እንደ ማረስ ነው፤ ልዩነቱ ይህ በሬ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ማረሱ፣ ሲመለስም ማረሻውን አንሥቶ ባዶውን መመለሱ ነው። የፋሚኮም ሥዕል 240 ትልም አለው። ይህ ማሳ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 60 ጊዜ ታርሶ ያልቃል። ዓይናችን ስለማይደርስበት የቆመ ሥዕል ይመስለናል።

እንግዲህ በማሳው ዳር አንድ ልጅ ቆሞ ጅራፍ ያጮኻል እንበል። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር በሬው ይደነግጣል፤ ትልሙም እዚያ ላይ ይጎብጣል። ጅራፉ የሚጮኸው በሬው በእያንዳንዱ ትልም እኩል ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር ቢሆንስ? ጉብጠቶቹ አንዱ በሌላው ሥር ይሰለፉና ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ የቁም መስመር ይሆናሉ። ጅራፉ ማሳው ታርሶ እስኪያልቅ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ፣ ግን ረዘም አድርጎ ቢጮኽስ? የተወሰኑ ትልሞች ሙሉ በሙሉ ይበላሹና ጥፋቱ አግድም የተኛ መቀነት ይመስላል። ጅራፉ ቶሎ ቶሎ ቢጮኽ፣ ግን ከትልሙ ርዝመት ጋር ባይገጥምስ? በየትልሙ ጉብጠቱ ትንሽ ትንሽ እየተዛወረ ይሄዳል፤ ሰያፍ መስመር ይሆናል። እንግዲህ የመስመሩ አጣጣል ጅራፉ በየስንት ጊዜው እንደሚጮኽ ይነግረናል። በየስንት ጊዜው እንደሚጮኽ ካወቅን ደግሞ ባለጅራፉን ማግኘት አያስቸግርም።

በቁም መስመር እንጀምር፤ ፋሚኮምን አሻሽሎ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያማርረው እሱን ነው። በተለይ ሰማያዊ ሰማይ ወይም አንድ ቀለም ብቻ ባለበት ሥዕል ላይ፣ እኩል እኩል ተራርቀው የቆሙ ደብዛዛ መስመሮች ይታያሉ። ፈረንጆቹ «የእስር ቤት ብረት» ብለውታል፤ እውነትም የመስኮት ፍርግርግ ይመስላል። ይህ መስመር በቦታው ቆሞ የማይነቃነቅ ከሆነ ጥፋተኛው ከውጭ የመጣ አይደለም። ከበሬው ጋር እኩል የሚራመድ ባለጅራፍ ሊኖር የሚችለው እዚያው መኪናው ውስጥ ብቻ ነው። እሱም ራሱ ሥዕል ሠሪው ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ እያንዳንዱን ትልም ሲስል የሥዕሉን ቁርጥራጭ ከጨዋታው ካሴት በማይለወጥ ምት ይጠራል። በጠራ ቁጥር በሰሌዳው ላይ ባሉ ሽቦዎች ውስጥ ኤሌክትሪኩ ይዘላል። የሥዕሉ ሽቦ ደግሞ በእነዚህ መካከል ያልፋል።

የመስኖ ውሃ የሚጠቀም ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። የጠራ የምንጭ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ድፍርስ ውሃ ካለበት ቦይ አጠገብ ቢያልፍ፣ በመካከላቸው ያለውም ድልድል ቀጭን ቢሆን፣ ድፍርሱ ሰርጎ ይገባል። መፍትሔው ምንድን ነው? ቦዩን ማራቅ ነው። ጠጋኞች 21ኛውን እግር ከሰሌዳው ላይ ነቅለው ወደ ላይ ያቃኑታል፤ ሥዕሉም በሰሌዳው ውስጥ መጓዙ ይቀራል። ትራንዚስተሯን እዚያው እግሩ አጠገብ ያስቀምጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሽቦ አጭር፣ በቀጭን የሽቦ መረብ የተሸፈነ፣ ከሌሎቹም የራቀ እንዲሆን ያደርጋሉ። መስመሩ በጣም ይቀንሳል። ጨርሶ ላይጠፋ ግን ይችላል። ኒንቴንዶ ራሱ በ1993 ቢጫውን ገመድ የሚቀበል አዲስ ፋሚኮም አውጥቶ ነበር፤ በእሱም ላይ ልብ ብሎ ላየ ሰው ደብዛዛ መስመር አይጠፋም። በበኩሌ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ሲታይ የማይታይ መስመር ካለ መኪናውን እንደገና መክፈት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ይህን የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው፤ በኋላ አወራላችኋለሁ።

ሁለተኛው አግድም መቀነት ነው። በሥዕሉ ላይ ሰፋ ያለ ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ጥላ አግድም ይተኛና ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል። አንዳንዴም ከቴሌቪዥኑ «ምምም» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ከመብራት ኃይሉ የመጣ ነው። በግድግዳው ሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ በአንድ አቅጣጫ አይፈስም፤ ወዲያና ወዲህ ይላል። በአገራችን ይህን በሴኮንድ 50 ጊዜ ያደርጋል። መኪናው ግን የሚፈልገው ጸጥ ያለ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስ 5 ቮልት ነው። መጀመሪያ አቅጣጫው ይስተካከላል፤ ቢሆንም አሁንም እየደጋገመ ነው የሚመጣው፤ በእንስራ እንደሚቀዳ ውሃ። እንስራው ይመጣል፣ ይገለበጣል፣ እስኪመለስ ይቆያል። ታዲያ ውሃው ሳይቋረጥ በቧንቧ እንዲወርድ ምን ይደረጋል? ጋን ይቀመጣል። የመኪናው ጋን ካፓሲተር ይባላል፤ ትንሽ ጣሳ የመሰለ ዕቃ ነው። ውስጡ እርጥብ ነገር አለበት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ይደርቃል ወይም ያፈሳል። የተሰነጠቀ ጋን ውሃ አይዝም፤ እንስራው በተገለበጠ ቁጥር ቧንቧው ይንቦለቦላል፤ በመካከሉ ይቀንሳል። ይኸው ነው በሥዕሉ ላይ የሚታየው። ጣሳው በአዲስ ሲለወጥ ጥላው ይጠፋል። ሲለወጥ ግን የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ (+ እና −) እንዳይገለበጥ፤ ከተገለበጠ ይፈነዳል።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። የጃፓን አገር ኤሌክትሪክ ለሁለት የተከፈለ ነው። በ1895 የቶኪዮ ከተማ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከጀርመን ገዛች፤ እሱ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚል ነበር። በተከታዩ ዓመት ኦሳካ ከአሜሪካ ገዛች፤ የእሱ 60 ነበር። እስከ ዛሬም ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60 እንደሆነ ቀርቷል። ስለዚህ ጋኑ የተሰነጠቀ አንድ ፋሚኮም ኦሳካ ላይ ሲከፈት፣ ሥዕሉም መብራቱም ወደ 60 ስለሚጠጉ፣ ጥላው በዝግታ ይሳባል፤ መስኮቱን ለማቋረጥ 10 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ያው መኪና ቶኪዮ ላይ ሲከፈት ግን ጥላው ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጠጋኞች በስልክ ቢነጋገሩ ስለ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች የሚያወሩ ይመስላቸዋል። በእኛም አገር እንደ ቶኪዮው መንቀጥቀጡ ነው የሚታየው።

ሦስተኛው ሰያፍ መስመር ነው። ቀጫጭን፣ ብዙ፣ እንደ ዓሣ አጥንት ወይም እንደ ጥለት የተጋደመ፣ ብዙውን ጊዜም የሚርመሰመስ ነው። ይህ ጅራፍ ከትልሙ ጋር አይገጥምም ብለናል። ስለዚህ የመኪናው የራሱ አይደለም፤ እንግዳ ነው። አንዱ እንግዳ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ሌላውና ዛሬ የበዛው ደግሞ ቀላሉ አዳፕተር ነው። የድሮ አዳፕተር በውስጡ ብረትና የመዳብ ጥቅል ስላለው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። የዛሬው ቀላል የሆነው ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚያሳልፍ ነው። በደንብ የተሠራው ቁርጥራጩን አጣርቶ ይሰጣል። በርካሹ ግን ማጣሪያው ተቀንሶበታል፤ ሩጫው እንዳለ ወደ መኪናው ይገባል።

አዳፕተሩን ለመፈተን ሰው የሚረሳው አንድ ቀላል መንገድ አለ፦ የባትሪ ድንጋይ። ስድስት የእጅ ባትሪ ድንጋዮች በተርታ ሲቀጣጠሉ 9 ቮልት ይሰጣሉ፤ ፋሚኮም በዚህ ይነሣል። ድንጋይ ጅራፍ የለውም፤ ኤሌክትሪኩ እንደ ረጋ ውሃ ነው። በድንጋይ ሲሠራ መስመሩ ከጠፋ ጥፋተኛው አዳፕተሩ ነው። ካልጠፋ አዳፕተሩን እንተወውና ወደ መኪናው ውስጥ እንግባ።

ጥፋት የሚመስል፣ ግን ጥፋት ያልሆነም አለ። ሁለት ደማቅ ቀለሞች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ትናንሽ ነጠብጣቦች እንደ ጉንዳን ሲጓዙ ከታዩ፣ ይህ ብርሃኑና ቀለሙ በአንድ ሽቦ ተደባልቀው ስለሚመጡ የሚሆን ነው። በቢጫው ገመድ እስከመጡ ድረስ አይጠፋም፤ ገንዘብ አታጥፉበት። ሥዕሉ ተበጣጥሶ፣ የተሳሳተ ቁርጥራጭ በተሳሳተ ቦታ ሲታይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የካሴቱ ጥርስ ቆሽሿል። ብዙ ሰው አውጥቶ እፍ ይልበታል። የትንፋሽ እርጥበት ግን ዝገት ያመጣል። የሚሻለው በጥጥ የፋርማሲ አልኮል ነክሮ መጥረግ ነው። አረቄ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። አይሆንም፤ ውሃ ይበዛበታል።

ከአደጋ ጋር የተያያዘ ነገር ልናገር። ከጃፓን የመጣ አዳፕተር የሚችለው 100 ቮልት ነው፤ በእኛ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የአሜሪካው መኪና አዳፕተር ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚል 9 ቮልት ነው የሚሰጠው። የአሜሪካው መኪና አቅጣጫውን ራሱ ያስተካክላል፤ ፋሚኮም ግን ይህን አይችልም፤ ከተሰካበት ይበላሻል። ፋሚኮም ከመሰኪያው መካከል የመቀነሱን (−)፣ ከዳር የመደመሩን (+) ነው የሚፈልገው፤ የብዙዎቹ የዛሬ አዳፕተሮች ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የድሮውን ሆደ ትልቅ ቴሌቪዥን አትክፈቱ። የጨዋታ መኪናው ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ሰው አይጎዳም፤ የቀለም ቴሌቪዥኑ ጠርሙስ ግን ከ20,000 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ተቋጥሮ ሊቆይ ይችላል። ሰው ይገድላል። ሥዕሉን የሚያበላሸው ቴሌቪዥኑ ይሁን መኪናው ለማወቅ መኪናውን በሌላ ቴሌቪዥን መሞከር ይበቃል።

በራሴ ደረሰ ያልኩትን አሁን ልጨርስ። አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ ከጃፓን የመጣ፣ ቢጫ ገመድ የተቀጠለበት ፋሚኮም ከዘመዱ ተሰጠው። አገር ቤት ላለው ታናሽ ወንድሙ ለእንቁጣጣሽ ሊወስድለት ቃል ገብቶ ነበር። የጃፓኑ አዳፕተር በ220 እንደማይሠራ ስለምናውቅ፣ ምልክቱን አይተን ከገበያ ቀላሉን ገዛን። ከፈትነው፤ ሥዕሉ በመስመር ተሞልቷል። እኔ ስለ እስር ቤት ብረት ሰምቼ ስለነበር «አውቄዋለሁ፣ 21ኛው እግር ነው» አልኩ። መስመሩ የቆመ ይሁን የተጋደመ አጎንብሼ እንኳ አላየሁም። ከፍተን እግሩን ሳቃና፣ ከቺፑ ሥር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ይህ ቺፕ ዛሬ አይሠራም፤ ከሌላ የሞተ መኪና ካልተነቀለ አይገኝም። ጓደኛዬ ምንም አላለኝም፤ ምንም አለማለቱ ነው የከበደኝ። ከዚያ ሁለት ሳምንት አላናገረኝም።

በመጨረሻ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። የቺፑን ጥቁር ገላ ቀስ አድርጎ በሞረድ ፋቀና፣ ከውስጥ ብቅ ባለችው የብረት ነጥብ ላይ ፀጉር የምታህል ሽቦ በየደባት። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሥዕሉ ተመልሶ መጣ። መስመሩም አብሮ መጣ! ጠጋኙ ወንበሩን ስቦ ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት ትንሽ አየና፣ «ይሄማ ሰያፍ ነው» አለ። ከመሳቢያው ስድስት ድንጋይ አወጣ። በድንጋይ ሲነሣ ሰማዩ ንጹሕ ሰማያዊ ሆነ። ከጥግ ከተጣለ ቴፕ አንድ ከባድ አሮጌ አዳፕተር አንሥቶ ጫፉን ቆርጦ ገለበጠልንና ሰጠን፤ የአዳፕተሩን ዋጋ አልተቀበለንም፤ የግማሽ ቀኑን ግን ተቀበለ።

መኪናው አሁን አገር ቤት ነው። ለእንቁጣጣሽ አልደረሰም፤ ለመስቀል ደረሰ። ሰማዩ ላይ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ሁለት ሦስት የቁም መስመር አለበት፤ የጓደኛዬ ወንድም ግን እስካሁን አንዴም አላነሣውም።